የአልባራሲን ቀይ ጀሶ፦ አሮጌ ከተማን የሚያቆመው ማን ነው?

ጀሶ ውኃ ይፈራል። አንድ ሊትር ውኃ ሁለት ግራም ያህል ጀሶ አሟሙቶ ይዞ ስለሚሄድ፣ የትም አገር ያለ ግንበኛ ብትጠይቁ ጀሶ ለቤት ውስጥ እንጂ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም ይላችኋል። በምሥራቅ ስፔን፣ በአራጎን ክልል ቴሩኤል አውራጃ የምትገኘው አልባራሲን ግን ከዳር እስከ ዳር በቀይ ጀሶ ተለስና፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,170 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዝናብና አመዳይ እየተፈራረቀባት ዘመናትን ተሻግራለች። ምሥጢሩ ግማሹ በጀሶው አቃጠል ላይ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የተሰነጠቀውን በጊዜ የሚያይ ዓይንና የሚደፍን እጅ ከአጠገቡ ስላልጠፋ ነው።

ዛሬ አሳሳቢው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው። የከተማዋ ድንጋይና እንጨት በሕግ ተጠብቋል። ጥገናውን የሚያውቅ ሰው በከተማዋ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ቤት ማግኘቱን ግን የቅርስ ሕጉ አይጠብቅለትም። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ለሆኑ ከተማ ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም።

የከተማዋን ችግር ለመረዳት መጀመሪያ አቀማመጧን ማየት ያሻል። የጓዳላቪያር ወንዝ፣ ወደ ታች ሲወርድ ቱሪያ ተብሎ በቫሌንሲያ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን የሚገባው ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ገደል ቆርጦ እንደ መቀነት ይዞራል። ከተማዋ የተሠራችው ወንዙ በሦስት በኩል በከበበው ቋጥኝ ጀርባ ላይ ነው። ጠላት የሚመጣባት ዋናው ክፍት በር ከላይ ያለው ኮረብታ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ቅጥሩ ቤት ወደሌለበት ዳገት የሚወጣው። ጎብኚዎች ባዶ ሜዳ ለምን አጠሩ ብለው ይገረማሉ፤ የታጠረው ሜዳው ሳይሆን ከፍታው ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ የቆመው የአንዳዶር ግንብ በ10ኛው መቶ ዘመን ለብቻው የቆመ መጠበቂያ ነበር፤ በ11ኛው መቶ ዘመን ቅጥሩ ሲዘረጋ ከእሱ ጋር ተገናኘ።

ስሟ የመጣው ባኑ ራዚን ከተባሉ የበርበር ባላባቶች ነው። የኮርዶባ ኸሊፋነት በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲበታተን እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ትንሽ መንግሥት አቁመው፣ በ1104 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜን አፍሪካ የመጡት አልሞራቪዶች እስኪይዟት ድረስ ገዟት። በ1170 አካባቢ ከሙርሲያው ገዥ ከኢብን መርደኒሽ ወደ ናቫራው መስፍን ወደ ፔድሮ ሩይስ ደ አሳግራ ተላለፈች። አሳግራ ለካስቲያም ለአራጎንም ንጉሥ ሳያድር ራሱን የቅድስት ማርያም ሎሌ፣ የአልባራሲን ጌታ ብሎ ይጠራ ነበር፤ በሁለት ኃያላን መካከል ላለ ትንሽ ግዛት ብልህ መጠሪያ ነው። በ1172 የራሷ ጳጳስ ተሾመላት። በ1284 የአራጎኑ ንጉሥ ፔድሮ 3ኛ ከብቦ ያዛት፤ በ1300 ደግሞ ለይቶላት የአራጎን ዘውድ አካል ሆነች።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። የመካከለኛው ዘመን የሆነው የመንገዶቹ አቀማመጥ፣ የቦታዎቹ ሽንሸና እና ቅጥሩ ነው። ካቴድራሉ የ16ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ዛሬ የምናያቸው ቤቶችም አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ በዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ስልት እየፈረሱና እየተሠሩ የመጡ ናቸው። ይህን መናገር ከክብሯ አይቀንስም። እንዲያውም ቅርሱ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን የመሥራት ዕውቀት መሆኑን የሚያሳየን ይኸው ነው።

ጀሶ የሚለውን ቃል እኛ ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። ስፔኖች ዬሶ ይሉታል፤ ሥሩ አንድ ነው። የአልባራሲኑ ግን በከረጢት ከሚሸጠው ነጭ ዱቄት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ቀለሙ ነው። ድንጋዩ የሚገኘው የብረት ዝገት ካቀላው ሸክላማ አፈር መካከል ስለሆነ ቅላቱ ከውስጡ ነው፤ ማንም አልቀባውም። ግድግዳው ቢፋቅ ወይም ቢሸረፍ ከሥሩ የሚወጣው ያው ቀይ ነው። ጠዋት ላይ ሐምራዊ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርቱካንማ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ የጉበት ቀለም ይይዛል።

ሁለተኛው ልዩነት አቃጠሉ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። የጀሶ ድንጋይ ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውኃ ነው። ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከዚህ ውኃ ሦስት አራተኛው ይወጣል። የሚቀረው ዱቄት ውኃ ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል፤ ዛሬ ለቤት ውስጥ ልስን የሚሸጠው በአብዛኛው ይህ ነው። ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃው ተጠራርጎ ይወጣል። ይህኛው ለመጠጠር ሰዓታትና ቀናት ይፈጅበታል፤ አንዴ ከጠጠረ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ውኃም ቶሎ የማያሟሟው ይሆናል። ባህላዊው የእንጨት ምድጃ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ትልልቁ ድንጋይ ከእሳቱ አጠገብ እንደ ቅስት ይደረደራል፤ ትንንሹ ከላይ ይከመራል። እሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ሲነድ የታችኛው ከመጠን በላይ ይቃጠላል፣ የመካከለኛው በልኩ ይሆናል፣ የላይኛው ደግሞ ጥሬነቱ ሳይለቀው ይቀራል። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል።

ለዘመኑ መሐንዲስ ይህ ጉድለት ያለበት ምርት ሊመስል ይችላል፤ የልስኑ ጥንካሬ ግን ከዚሁ ነው የሚመጣው። ፈጥኖ የሚጠጥረው ክፍል ልስኑን ከግድግዳው ላይ ይዞ ያቆመዋል። ዘግይቶ የሚጠጥረው በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች እየገባ ለሳምንታት ያጠነክረዋል። ያልተቃጠለው ፍርፋሪ በአሸዋ ፈንታ ያገለግላል፤ ስለዚህ አሸዋ አይጨመርበትም። ኖራ ለማቃጠል 900 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ጀሶ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ እንጨት ይደርሳል። ክረምቱ ረጅም ለሆነበት ተራራማ አገር የእንጨት ቁጠባ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌላም በጎ ጠባይ አለው። ኖራና ሲሚንቶ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ ጀሶ ሲጠጥር በጥቂቱ ይፋፋል፤ ስለዚህ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ጥግ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል።

የቤቱ አሠራርም ለዚህ ልስን ተብሎ የተሰላ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከመሬት የሚፈናጠረውና በእርጥበት ወደ ላይ የሚሳበው ውኃ የሚያገኘው እሱን ነውና። ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች በእንጨት ምሰሶና አግዳሚ ተዋቅረው ክፍተታቸው በጀሶና በትንንሽ ድንጋይ ይሞላል። እያንዳንዱ ፎቅ ከታችኛው ትንሽ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ የጣሪያው ክፈፍ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ። በአንዳንድ መንገድ ላይ የሁለቱ ወገን ክፈፍ ሊነካካ ምንም አይቀረው። ሰው ይህን ለውበት የተደረገ ይመስለዋል። ክፈፉ የግድግዳው ባርኔጣ ነው፤ ዝናቡ ከጣሪያው ሲወርድ ልስኑን ሳይነካ መንገዱ መሐል ይወድቃል። ወለሉም ጀሶ ነው፦ በወራጆቹ መካከል ጠማማ ቅርጽ ይደገፍና ጀሶ ይፈስበታል፤ ሲጠጥር ድጋፉ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ይዛወራል።

ይህን ሁሉ ባንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ወደ ሞሊና በር አጠገብ ሄዶ ካሳ ደ ላ ሁሊያኔታ የተባለችውን ቤት ይመልከት። ሁለት መንገድ የሚለያይበት ጠባብ ጥግ ላይ የቆመች፣ አንድም ቀጥ ያለ ማዕዘን የሌላት፣ ወደ ጎን ያዘነበለች ትንሽ ቤት ናት። ሲያድሷት አላቀኗትም። ዘንበል ያለው እንጨት ከሚሸከመው ክብደት ጋር ተስማምቶ ኖሯል፤ በግድ ቢቃና የሚሰነጠቀው ያልታመመው ክፍል ነበር።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። የአልባራሲን ዓይነት ቤት የሚሞተው ከላይ ነው። አንድ የሸክላ ክዳን በንፋስ ወይም በበረዶ ክብደት ይንሸራተታል። ቀዳዳው የመዳፍ ያህል ነው፤ ከመንገድ አይታይም። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ራስ ይወርድና የወራጁ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ወደተቀበረበት ቦታ ይደርሳል። እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ ካለፈ የሚያበሰብሰው ሻጋታ ይይዘዋል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፍ አየር ስለማያገኝ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ ጫፉ እንደ ቡን አተላ ይሆናል። ከዚያ ወለሉ ይሰምጣል፣ ወለሉ የያዘው ግድግዳ ይለቀቃል፣ የወጣው ፎቅ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። ከአንዲት ክዳን እስከ ፎቁ መውደቅ ያለው ጊዜ ጥቂት ክረምት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ኮርኒሱ ላይ እንደ ሳንቲም የምታህል እርጥበት በታየች ሰሞን ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ክዳኗ ትመለሳለች፤ ነገሩ ያበቃል። ተዘግቶ በሚከርም ቤት ግን የሚያያት የለም።

ሁለተኛው ገዳይ ሲሚንቶ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ እርጥበት ሲያሳይ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ እስከ ወገብ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግን አልጠፋም፤ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ተደፈነበት እንጂ። ስለዚህ ከሲሚንቶው በላይ እስኪደርስ ይወጣና ጀሶውንና የእንጨቱን እግር ያገኛል። ይባስ ብሎ ከጀሶው የሚወጣው ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ሲገናኝ እያበጠ የሚያድግ አዲስ ማዕድን ይፈጥራል፤ ልስኑን ከውስጥ ይገፋዋል። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ሲወድቅ ሰው ጀሶውን ይወቅሳል። የፕላስቲክ ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ከኋላው ተጠራቅሞ ቀለሙን እንደ ቆዳ ያነሣዋል። በጎንደር የፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ በጣልያኖች ጥገና ጊዜ የገባው ሲሚንቶም፣ ኋላ ተነሥቶ በኖራ መተካቱ ከዚሁ ዓይነት ጣጣ የመጣ ነው። ጥንታዊ ግንብ ከራሱ የሚጠነክር ባልንጀራ አይፈልግም።

ልስን በትክክል ሲጠገን ሥራው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ግድግዳው በጣት አንጓ ወይም በትንሽ የእንጨት መዶሻ ይመታል። የሞላው ድምፅ ደረቅ ነው፤ የለቀቀው እንደ ቅል ያስተጋባል። የለቀቀው ብቻ በኖራ ጠመኔ ተከቦ ይነሣል፤ ጤነኛው አይነካም። ከሥሩ ያለው የብረት ሚስማር ካለ ይወጣል፦ ጀሶ ውስጥ ያለ ተራ ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ልስኑንም ይሰነጥቃል። በምትኩ የእንጨት ችካል ወይም የማይዝግ ብረት ይገባል። ቦታው ተጠርጎ በውኃ ይርሳል፤ ደረቅ ግድግዳ ከአዲሱ ጀሶ ውኃውን መጥጦ ሳይጠጥር ያደርቀዋል።

ሲበጠበጥ ዱቄቱ ነው ወደ ውኃው የሚነሰነሰው። ውኃ በዱቄት ላይ ከፈሰሰ ይጓጉላል። ጀሶ ለመጠጠር በራሱ የሚፈልገው ውኃ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ተርፎ የሚጨመረው ሁሉ በእጅ ለማስኬድ ነው፤ ሲደርቅም በቦታው ቀዳዳ ይተዋል። ለአንድ ኪሎ ተራ ጀሶ ከ600 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ውኃ ይገባል። ለውጭ ግድግዳ ወደ ታችኛው መጠን መጠጋት፣ ወፈር አድርጎ መለሰን ነው የሚያዋጣው። ብዙ ውኃ ያለው ልስን ሲሠራ ለእጅ ይመቻል፣ በመጀመሪያው ክረምት ግን ይታጠባል። መጠጠር የጀመረ ድብልቅ ላይ ውኃ ጨምሮ እንደገና ማሸት ፈጽሞ አይደረግም፤ ግንበኞቹ የሞተ ጀሶ ይሉታል፣ ከደረቀ በኋላ በጥፍር ይፋቃል። የመጨረሻው መዳመጥ የሚደረገው ልስኑ ከእጅ ሳይጣበቅ፣ ገና ሳይጠነክር ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያች ጊዜ በብረት ማንኪያ ተጭኖ የተዳመጠ ገጽ ጥቅጥቅ ስለሚል ዝናቡን ያንሸራትተዋል።

ቀለሙን ማዛመድ ብዙዎችን ያሳስታል። እርጥብ ጀሶ ከደረቁ በጣም ይጠቁራል። ስለዚህ ናሙናው በድንጋይ ላይ ተለስኖ ለቀናት እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚነጻጸረውም ያኔ ነው። ቀለም ገዝቶ ማቅላት ለዓመት ያምራል፤ አሮጌው በፀሐይ ሲሄድና አዲሱ ባለበት ሲቆይ ግን ግድግዳው እንደ ተጣፈ ልብስ ይሆናል።

ቅጥሩ ሌላ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል፤ እዚያ ጠላቱ አመዳይ ነው። ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ይጨምራል። በቅጥሩ ራስ ላይ የገባ ውኃ ሌሊት እየረጋ ቀን እየቀለጠ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያላቅቃቸዋል። ስለዚህ የቅጥሩ ራስ በኖራ ተደፍኖ ውኃው እንዲፈስ ትንሽ ዘንበል ይደረጋል። ስንጥቁ ውስጥ የበቀለ ዛፍ አይነቀልም፤ ተቆርጦ ሥሩ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከተነቀለ ግንቡን ይዞ ይመጣል። የኖራ ሥራ ከ5 ዲግሪ በታች አይሠራም፤ በዚህ ከፍታ ላይ ይህ ማለት በተግባር ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። የጎብኚ ብዛት ከፍ የሚለውም በዚያው ወቅት ስለሆነ፣ መወጣጫው ሲተከል ከንግዱ ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

ይህ ዕውቀት ባንድ ወቅት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ከተማዋ በ1961 ብሔራዊ ሐውልት ተብላ ስትመዘገብ ሕዝቡ ወደ ቫሌንሲያ፣ ባርሴሎናና ሳራጎሳ ፋብሪካዎች እየጎረፈ ነበር። የቴሩኤል አውራጃ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ 135 ሺህ ያህል ናት፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 9 ሰው ማለት ነው። ምዝገባው ቤቶቹ በዘፈቀደ እንዳይፈርሱ ከለከለ። የሚለስናቸውን ሰው ግን ሊያመጣ አልቻለም።

ለውጡ የመጣው ከሥራ አጥነት መፍትሔ ነው። አርክቴክቱ ኆሴ ማሪያ ፔሬስ፣ በቅጽል ስማቸው ፔሪዲስ፣ በ1985 የሙያ ማሠልጠኛ አውደ ጥናት የተባለውን አገር አቀፍ መርሐ ግብር አስጀመሩ። ሥራ ያጡ ወጣቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው በቅርስ ሕንፃ ላይ ግንበኝነት፣ አናጺነትና ብረት ሥራ ይማራሉ። አልባራሲን የራሷን በ1988 ከፈተች። በ1996 ደግሞ የአልባራሲን ቅድስት ማርያም ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ በውስጡም የክልሉ መንግሥት፣ የከተማው ምክር ቤት፣ ሀገረ ስብከቱና ባንክ አሉበት። ብዙ ቦታ ሥልጠናው አልቆ ሰልጣኙ ሲበተን፣ እዚህ ግን ሠልጥነው የወጡ እጆች የሚቀጠሩበት ቋሚ ተቋም ተገኘ። ለእኔ የአልባራሲን ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው፤ ከየትኛውም ግንብ ጥገና ይበልጣል።

የፋውንዴሽኑ አካሄድ ከሌላው የሚለየው ሕንፃው ሳይታደስ በፊት ሥራው መወሰኑ ነው። የጳጳሱ ቤተ መንግሥት ሙዚየምና የስብሰባ ቦታ ሆነ፤ ሌሎቹ የኮርስ ተሳታፊዎች ማደሪያ፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የሠዓሊያን መኖሪያ ሆኑ። ስብሰባ፣ ኮርስና ጉብኝት የሚያስገባው ገንዘብ ተመልሶ ጣሪያ ይከድናል። ሰው የሚገባበት ሕንፃ ይሞቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ፍሳሹ በሳምንቱ ይታወቃል። ጥንቃቄው እስከ በር ድረስ ይወርዳል፦ በእንጨቱ በር ላይ ያለው በእንሽላሊት ወይም በዘንዶ ቅርጽ የተቀጠቀጠው የብረት ማንኳኳያ፣ መቀርቀሪያው፣ ጭንቅላቱ ሰፋ ያለው ሚስማር ሁሉ በብረት ሠሪ እጅ ይጠገናል እንጂ ከካታሎግ አይታዘዝም።

ሕጉም በመጠኑ ይረዳል። የ1985 የስፔን ታሪካዊ ቅርስ ሕግ ቁጥር 16 ባለቤት ቅርሱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ኦርጅናል ክፍሎቹ ተገኝተው ካልሆነ በቀር የፈረሰን መልሶ ከመገንባት ያስጠነቅቃል፤ አዲስ ነገር ሲጨመርም ከአሮጌው ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ከተማ ልዩ የጥበቃ ፕላን ማዘጋጀት አለበት። ፕላኑ እስኪጸድቅ እያንዳንዱ ፈቃድ በክልሉ የቅርስ ባለሥልጣን እጅ ያልፋል፤ ከጸደቀ በኋላ ከተማው ራሱ ፈቅዶ በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል፤ አንድ መስኮት ለመቀየር ወራት መጠበቅና አለመጠበቅ ነው። ሕጉ ከመንግሥት ትላልቅ ግንባታዎች በጀት የተወሰነ ድርሻ ለቅርስ እንዲውልም ያስገድዳል፤ መጀመሪያ 1 በመቶ ነበር፣ ኋላ ወደ 2 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ገንዘብ ቅጥርና ካቴድራል ያድሳል። የአንዲት መበለት ጣሪያ ላይ የተንሸራተተችውን ክዳን ለመመለስ ግን የተሠራ አይደለም።

አሁን ያለው ፈተና እንግዲህ ከስኬቱ የተወለደ ነው። ከተማዋ አማረች፤ ጎብኚ መጣ። በዙሪያዋ ባለው የቀይ ድንጋይ ጥድ ደን ውስጥ ቋጥኝ ለመውጣት ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ወጣቶች ደግሞ በብርድ ወራትም ጭምር ይመጣሉ፤ እዚያው ደን ውስጥ ያሉት ጥንታዊ የቋጥኝ ላይ ሥዕሎች በ1998 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት መካከል ናቸው። ቅዳሜና እሑድ አልጋ አይገኝም። ማክሰኞ በጥር ወር ግን መስኮቱ ብዙው ዝግ ነው። የቤቱ ባለቤት ቫሌንሲያ ወይም ሳራጎሳ ይኖራል፤ ወይም ቤቱ ለስድስት ወራሾች ተከፋፍሎ ማንም ሊሸጠው ሊያድሰውም አልተስማማም፤ ወይም ለሳምንት መጨረሻ እንግዳ ማከራየቱ ለነዋሪ በወር ከማከራየት ይበልጥ ያስገኛል። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ለሳኝ ቤት ተከራይቶ ልጁን እዚሁ ትምህርት ቤት ላስገባ ቢል የሚከራይ ያጣል። ባዶ ቤት ሞልቶ የሚከራይ ቤት መጥፋቱ በመላ የስፔን ገጠር የሚሰማ እሮሮ ነው። በ1999 የተነሣው "ቴሩኤል አለች" የተባለው ንቅናቄ በ2019 ምርጫ በታችኛው ምክር ቤት አንድ መቀመጫ እስከማግኘት የደረሰው ከዚህ ቁጭት ነው። ዋና ከተማዋ ቴሩኤል ዛሬም ከማድሪድ ጋር የሚያገናኛት ቀጥታ ባቡር የላትም።

የጎብኚው መብዛት ብቻውን ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ሆቴሎቹ ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቹ ጣሪያዎች እስካሁን ወድቀው ነበር። ጥያቄው የጥገና ድጎማው ከምን ጋር ይያያዝ የሚለው ነው። እስካሁን ድጎማ ሲሰጥ የሚታየው ልስኑ፣ ክፈፉና መስኮቱ ነው፤ ማን እንደሚተኛበት አይጠየቅም። ከድጎማው ከፍ ያለው ድርሻ ቤቱን ለተወሰኑ ዓመታት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖር ሰው ለሚያከራይ ባለቤት ቢሆን፣ ያው ገንዘብ ሁለት ሥራ ይሠራል። ወራሾች ያልተስማሙበትን ቤት ማዘጋጃ ቤቱ ለረጅም ዘመን ተኮናትሮ ሊያድሰውና ሊያከራየው ይችላል፤ ባለቤትነቱ ሳይነካ የኪራዩ ገንዘብ የእድሳቱን ወጪ ይመልሳል። ቤቶቹ ዳገቱ ላይ ስለሆኑ ብዙዎቹ ከታችም ከላይም መንገድ በር አላቸው፤ አንዱን ትልቅ ቤት ሁለት መግቢያ ያላቸው ሁለት መኖሪያዎች ማድረግ መዋቅሩን ሳይነኩ ይቻላል። እድሳቱ ሲታቀድም ለኑሮ ያስቡበት፦ ወፍራም የጣሪያ ሥር የብርድ መከላከያ፣ በእንጨት ፍሬም ሁለት ድርብ መስታወት፣ ከግድግዳው ሳይሆን ከወለሉ የሚያልፍ ቱቦ። ለሁለት ሌሊት የመጣ እንግዳ ብርዱን እንደ ገጠመኝ ይወስደዋል፤ ሕፃን ያላት እናት ግን በሁለተኛው ክረምት ትሄዳለች።

የዚህ ሁሉ መመዘኛ መስከረም መጨረሻ ላይ ያለው ዙር ነው። ከመጀመሪያው አመዳይ በፊት ጣሪያ ለጣሪያ መዞር፣ የተንሸራተተ ክዳን መመለስ፣ ክፈፉ ላይ የተጠራቀመውን የጥድ ቅጠል መጥረግ፣ የወራጁን ጫፍ በእርጥበት መለኪያ መንካት፣ ግድግዳውን በጣት አንጓ ማንኳኳት። ሁለት ግንበኛና አንድ አናጺ በሳምንታት ውስጥ ይጨርሱታል። ከቴሩኤል ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መስከረም ላይ መንገዱ ቀላል ነው። በጥር ሌሊት ንፋስ ክዳን ሲያነሣ ግን መሰላሉን ይዞ የሚወጣው እዚያው መንገድ ላይ የሚተኛ ሰው መሆን አለበት።